«ማለት ነው»፣ «ምናምን»፣ «ገባህ?»፦ ሰሚን የሚያሰለቹ የአፍ አመሎችን ማስወገጃ ዝርዝር መመሪያ

«ከነገ ጀምሮ ‹ማለት ነው› አልልም» ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን አይዘልቅም። ወይ ጭራሽ ይረሳዋል፣ ወይ «ማለት ነው»ን ጥሎ «በቃ»ን ያነሳል፣ ወይ ደግሞ ሲጠነቀቅ የሚናገረው ይጠፋዋል። የሦስቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ቃሉን ለማቆም ወስኗል እንጂ በቃሉ ቦታ ምን እንደሚያደርግ አላዘጋጀም። እነዚህ ቃላት የሚወጡት አፍ ተከፍቶ ሐሳብ ገና ሳይደርስ ሲቀር ነው። ስለዚህ የሚሠራው ሥራ ያቺን ክፍት ቦታ በዝምታ ማለፍ መልመድ ነው፣ ያውም አንድ ቃል በአንድ ጊዜ።

ከታች ያለው አካሄድ ለአራት ሳምንት የተደለደለ ሲሆን በቀን 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘጋጁ። የጆሮ ማዳመጫውን አይዝለሉት፤ አጫጭሮቹ «እ» እና «ያው» በስልክ ስፒከር ሲሰሙ ይጠፋሉ።

ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉ፦

• ሌላ ሰው ያለበትን ወሬ ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ። በስልክ ሲያወሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ሌላ መቅረጫ አጠገብዎ ቢያስቀምጡ የሚቀረጸው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራም የሚፈለገው እሱ ነው።
• የሚንተባተቡ ከሆነ ይህን መመሪያ አይከተሉ። የሚንተባተብ ሰው «እ» ወይም «ማለት» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረውን ድምፅ ለመሻገር ነው፤ መሻገሪያውን መንጠቅ ጭንቀት ይጨምርበታል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያማክሩ።
• ቃል የሚጠፋብዎ በድንገት ከጀመረ፣ በተለይም ምላስ መተሳሰር፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ እጅ መዛል አብሮት ካለ፣ የአፍ አመል አይደለም። የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ንግግርዎን ይቅረጹ

1. በመጀመሪያ ከዚህ ቀደም ለሰው የላኳቸውን የድምፅ መልእክቶች ይክፈቱና አሥር ያህሉን ያዳምጡ። ሳይጠነቀቁ የተናገሯቸው ስለሆኑ አመልዎን ሳይደብቁ ያሳያሉ።
2. ከወዳጅ ጋር የሚያደርጉትን አንድ የስልክ ወሬ ይቅረጹ።
3. ሥራ ላይ አንድ ነገር ሲያስረዱ ወይም ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ይቅረጹ። እዚህ የሚወጡት ቃላት ከወዳጅ ጋር ከሚወጡት ይለያሉ።

የእርስዎ ድምፅ ብቻ ተደምሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሙላ። ከእያንዳንዱ ቅጂ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ይተዉ፤ ሰው መቅረጫውን እስኪረሳ ድረስ አፉን ይጠብቃል። ከጽሑፍ እያነበቡ የተናገሩትን አይጠቀሙ። የሚያነብ ሰው ቃል ስለማይፈልግ «እንትን» አይልም።

ደረጃ 2፦ ያዳምጡ፣ ይጻፉ፣ ይቁጠሩ

ሁለት ጊዜ ያዳምጡ። በመጀመሪያው ዙር የሚደጋገሙትን ቃላት ብቻ ይጻፉ። በሁለተኛው ዙር ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ በወጣ ቁጥር ጭረት ያድርጉ። የተጎተቱ ድምፆችንም ይቁጠሩ፤ «ነገር ግንንን» እና «ስለዚህእእ» ያለ ቃል የተሞሉ ክፍተቶች ናቸው።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያህሉን እንደወረደ፣ ምንም ሳያርሙ በወረቀት ይገልብጡ። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ከጠቅላላው ሥራ ይህን የሚተካ የለም። የሚያገኙት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

«እና ትናንት እእ… ሄጄ ነበር ማለት ነው፤ ሰውዬው ምናምን ብሎኝ፣ ያው ነገ ተመለስ ምናምን፣ ገባህ? እኔ ደግሞ በቃ ምን መሰለህ፣ ቆይ ማለቴ፣ ወረቀቱ አልደረሰም ነበር ማለት ነው።»

«እኔ ደግሞ» የሚለው ላይ ይቁሙ። ተናጋሪው ስለራሱ ጀመረ፣ ግሱ ግን አልመጣለትም። ወደ ወረቀቱ እስኪዞር ድረስ «በቃ»፣ «ምን መሰለህ»፣ «ቆይ» እና «ማለቴ» ተከታትለው ገቡ። ብዙ መሙያ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ግሱ ሳይወሰን የተጀመረ ዐረፍተ ነገር አለ ማለት ነው (ይኸኛው «ማለት ነው» ሥራ አለው፤ ልዩነቱን ደረጃ 3 ላይ እንመጣበታለን)።

አሁን እያንዳንዱ ቃል የወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ ሦስት ቦታዎች በግልጽ ይለያሉ፦

• መነሻ ላይ፦ «እና»፣ «ያው»፣ «ምን መሰለህ»፣ «እሺ»። ተራው እንዳያመልጥ አፍ ቀድሞ የሚያዝበት ቦታ ነው።
• ከግሱ በፊት፦ «እእ»፣ «እንትን»፣ «ማለት»። ቃል እየተፈለገ ነው።
• ከግሱ በኋላ፦ «ማለት ነው»፣ «ምናምን»፣ «አይደል?»፣ «ገባህ?»። ሐሳቡ አልቋል፣ ተናጋሪው ግን ዝምታውን ፈርቷል።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በአሥር የተለያዩ ቋንቋዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ድረስ ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ዝም ያለ ሰው ተራው የሚነጠቅ ይመስለዋል፣ አንዳንዴም ይነጠቃል። ይህን በደረጃ 6 እንፈታዋለን።

በመጨረሻ ስሌቱን ይሥሩ። የቃሉን ብዛት እርስዎ ለተናገሩበት ደቂቃ ያካፍሉ፤ ለጠቅላላው ወሬ አያካፍሉ። በ20 ደቂቃ ወሬ ውስጥ የእርስዎ ድምፅ 8 ደቂቃ ቢሆንና «ማለት ነው» 32 ጊዜ ቢወጣ፣ በደቂቃ 4 ነው። ይህን ቁጥር ከነቀኑ ይጻፉት፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ሥራ ያለውን ከሥራ ፈቱ ይለዩ

በገለበጡት ጽሑፍ ላይ ቃሉን ሰርዘው ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው ያንብቡ። ትርጉሙ ካልተነካ ቃሉ ሥራ ፈት ነው። «እርሳስ፣ ደብተር ምናምን ገዛሁ» ውስጥ «ምናምን» ሌሎችም ነገሮች እንዳሉ ይናገራል፤ ይቆይ። «ሰውዬው ምናምን ብሎኝ» ውስጥ ግን ምንም አይናገርም። «እ»ም ከከባድ ቃል ወይም ከቁጥር በፊት አንዴ ብትወጣ ሰሚው ጆሮውን እንዲያዘጋጅ ትረዳለች እንጂ አትጎዳም። ንግግርን ከ«እ» ሙሉ በሙሉ ለማጽዳት የሚሞክር ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ ሰውን የሚያናድደው ሌላ ነው።

የሚያናድዱት ስለ ሰሚው ወይም ስለ ተናጋሪው ያልታሰበ ነገር የሚናገሩት ናቸው። «ገባህ?» በየዐረፍተ ነገሩ ሲደጋገም ሰሚውን ደንቆሮ ያደርገዋል፤ ጠያቂው መልስ አለመጠበቁ ደግሞ ይብሳል። «እውነቱን ለመናገር» እና «ሳልዋሽህ» እስካሁን የተባለውን ጥያቄ ውስጥ ይከታሉ። «እንዳትቀየመኝ እንጂ» ሰሚው ገና ምንም ሳይሰማ እንዲቀየም ያዘጋጀዋል። «ላይክ»፣ «ቤዚካሊ»፣ «አክቹዋሊ» የሚባሉት ደግሞ ከሁሉም ሰሚ ጋር ችግር የላቸውም፤ ቋንቋውን ከማያዘወትር ሰው ጋር ግን መታበይ ይመስላሉ።

የስብሰባ አማርኛ የራሱ ዓይነት አለው፣ ለማስወገድም እጅግ የሚያስቸግረው እሱ ነው። «እየሠራን ነው» ማለት ሲቻል «እየተሠራበት ያለበት ሁኔታ ነው ያለው»፤ «ገንዘብ የለም» ማለት ሲቻል «ከበጀት አኳያ ካለው ነባራዊ ሁኔታ አንጻር»። ተናጋሪው ቁም ነገረኛ የሆነ ስለሚመስለው እንደ አመል አይቆጥረውም። መለያው ቀላል ነው፦ ማን እንደሚሠራው ይጠይቁ። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሠሪ ከሌለ «ሁኔታ» የሚለው ቃል ሠሪውን ውጦታል።

ደረጃ 4፦ አንድ ብቻ ይምረጡ

ብዛት ስላለው ብቻ አይምረጡ። መጀመሪያ ከግሱ በኋላ የሚወጣ ቃል ይያዙ፤ የሚመጣበት ቦታ ስለሚታወቅ ለማድፈጥ ይመቻል። ለአብዛኛው ሰው ይህ «ማለት ነው» ወይም «ገባህ?» ነው። ሁለተኛው የሚነሳው የመጀመሪያው በግማሽ ከቀነሰ በኋላ ነው። «እእ»ን እና «እንትን»ን ለመጨረሻ ያቆዩ።

ሁለት ቃል በአንድ ላይ አይያዙ። አእምሮ የሚናገረውን እያሰበ አንድ ጠባቂ ማቆም ይችላል፤ ሁለት ሲሆን ንግግሩ ራሱ ይቆማል።

ደረጃ 5፦ ምትኩን ይለማመዱ

ልማድን በሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ የመተካት ዘዴ አዲስ አይደለም። አዝሪን እና ነን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ጥፍር መንከስን ለመሳሰሉ ልማዶች አቅርበውታል፤ በኋላም ለንግግር መሙያዎች ተሞክሯል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ዐረፍተ ነገሩን እስከ ግሱ ይናገሩ፤ ግሱ ላይ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።
2. ከንፈርዎን ይግጠሙ።
3. በአፍንጫዎ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳቡ።
4. የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር ግስ ያስቡ። ግሱን ብቻ፤ ሙሉውን አይደለም።
5. አሁን አፍዎን ይክፈቱ።

ሦስተኛውን አይዝለሉ። «ማለት» የሚጀምረው በተገጠመ ከንፈር ስለሆነ ከንፈር መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው እዚያው ላይ «ምምም» ይላል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየገባ ሳለ ግን «ምምም» ማለት ያስቸግራል። ጠቅላላው ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ለእርስዎ ረጅም ይመስላል፤ ቅጂውን ሲሰሙት ግን ተራ ነጥብ ሆኖ ያገኙታል።

ልምምዱ

ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ብቻዎን፦

1. ቀላል ርዕስ ይያዙ፦ ዛሬ ጠዋት ምን ሠሩ? ከቤት እስከ ሥራ በየት ይሄዳሉ?
2. ሰዓት ሞልተው ለ60 ሰከንድ ይናገሩ። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ይሁኑ። «ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ስልኬን ፈለግኩ።» «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ፈልጌ፣ አጥቼ…» እያሉ አያስረዝሙ፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ግሱ ይርቃል፣ መካከሉም ይሞላል።
3. አምስት ዙር ይድገሙ፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ይቅረጹ።
4. ቃሉ ሲያመልጥዎ አውራ ጣትዎን ከአመልካች ጣትዎ ጋር ጫን ያድርጉና ይቀጥሉ። «ውይ» አይበሉ፣ ከመጀመሪያ አይድገሙ። በየስህተቱ የሚደግም ሰው የሚለማመደው መድገምን ነው።

በአምስተኛው ዙር ቃሉ ከሁለት ጊዜ በላይ ካልወጣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከበድ ያለ ርዕስ ይያዙ፦ አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱ፣ ወይም የማይስማሙበትን ሐሳብ ይከራከሩ። ካልተሳካ ርዕሱን አያክብዱ፤ በዚያው ሦስት ቀን ይጨምሩ።

«እንትን»ን ሲይዙ ምትኩ ይለያል። ስሙ የጠፋብዎትን ነገር በሥራው ይጥሩት፦ «እንትኑን አምጣልኝ» ከማለት «ብሎን የምንፈታበትን አምጣልኝ» ይበሉ። ሰሚው ራሱ ስሙን ያቀብልዎታል።

ደረጃ 6፦ ወደ እውነተኛ ወሬ ይግቡ

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አንድ ወሬ ብቻ አስቀድመው ይምረጡና እዚያ ላይ ይጠብቁ። በቀረው ጊዜ እንደልብዎ ያውሩ። ቀኑን ሙሉ ራሱን የሚጠብቅ ሰው እስከ ማታ ይደክመዋል፣ በሦስተኛው ቀንም ይተወዋል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው፦ የድምፅ መልእክት፣ ከቅርብ ወዳጅ ጋር በአካል፣ ስልክ፣ ሥራ ላይ ማስረዳት፣ ስብሰባ፣ በመጨረሻ ጭቅጭቅ። በንዴት ጊዜ አመሉ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ አይጀምሩ።

ተራዎን ለመጠበቅ፦ ዝም ሲሉ ዓይንዎን ከሰሚው አይንቀሉ፣ እጅዎንም ከጀመረው እንቅስቃሴ አያውርዱ። ያልጨረሱ መሆንዎን ይናገራሉ። ረዘም ያለ ነገር የሚያወሩ ከሆነ አስቀድመው «ሁለት ነገር አለኝ» ይበሉ፤ ሁለተኛውን እስኪሰማ የሚነጥቅዎ ጥቂት ነው።

ስልክ ላይ ዓይንም እጅም የለም። ሁለት ሰከንድ ዝም ካሉ «ሄሎ? አለህ?» ይመጣል። ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ ሲፈልጉ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጠቀሙ፦ «ቆይ ላስታውስ።» አንዴ ይበሉትና ዝም ይበሉ። ሦስቴ ከተደጋገመ እሱም አመል ይሆናል።

አጋዥ ሰው ከፈለጉ ሕግ ያስቀምጡለት፦ የተመረጠውን አንድ ቃል ብቻ ይቁጠር፣ በመሐል አይናገር፣ ቁጥሩን በመጨረሻ ይንገርዎ። ቶስትማስተርስ በሚባለው የንግግር መለማመጃ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ መሙያ ቃላትን የሚቆጥር ሰው ይመደባል፤ በተለመደው አሠራር ውጤቱን የሚያቀርበው ሁሉም ተናግረው ካበቁ በኋላ ነው። በየመሐሉ «ደግሞ አልክ!» የሚል አጋዥ ቃሉን አያጠፋም፣ ወሬውን ያጠፋል።

ደረጃ 7፦ ደግመው ይቁጠሩ

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደረጃ 1ን እና 2ን በተመሳሳይ ዓይነት ወሬ ይድገሙ። የወዳጅ ወሬን ከስብሰባ ጋር አያወዳድሩ። በደቂቃ 4 የነበረው 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይበቃል፤ ዜሮ አይፈልጉ። ወደሚቀጥለው ቃል ይለፉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሌላ ቃል ተተካ። እጅግ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ «ማለት ነው» ሄዶ «በቃ» ይመጣል። ትንፋሹ ተዘልሏል። ወደ 60 ሰከንዱ ልምምድ ይመለሱና ለሁለት ቀን ሦስተኛውን ቅደም ተከተል ብቻ እያጋነኑ ይሥሩ፦ ትንፋሹ ለራስዎ እስኪሰማ።

ንግግሩ ፈጠነ። ዝምታውን ለመሸሽ ዐረፍተ ነገሮቹን እያያያዙ ነው። ግሱ ላይ ድምፅዎን ዝቅ ማድረግዎን ይፈትሹ፤ ግሱ ወደ ላይ ከወጣ አፍ ይቀጥላል።

የሚናገሩት ጠፋ። ጠባቂው በዝቷል። ለሦስት ቀን ልምምዱን ብቻ ይሥሩ፣ ወሬ ላይ አይጠብቁ።

ንግግሩ ዜና የሚያነቡ አስመሰለ። ሥራ ያላቸውን ቃላትም አብረው ጠርገዋል። «ያው» እና «እንግዲህ» በቦታቸው ሲሆኑ ወሬን ያለሰልሳሉ፤ ይመልሷቸው።

ሰው በዝምታዎ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ችግሩ የእርስዎ አይደለም። «ልጨርስ» ይበሉና ይቀጥሉ።

ስብሰባ ላይ ብቻ አልሆነም። ስብሰባ ላይ መሙያው የሚበዛው ሐሳቡ እዚያው ስለሚሠራ ነው። ከመናገርዎ በፊት ሦስት ግሶች በወረቀት ይጻፉ፦ «ጨረስን፣ ዘገየ፣ እንጠይቃለን»። ሦስቱን ተናግረው ዝም ይበሉ።

አመሉ የሌላ ሰው ከሆነ

ቁጥሩን አይንገሩት፣ አያስመስሉበት፣ ሰው ፊት አያንሱት። ለእኩያ ወይም ለታናሽ ብቻዎን ሲሆኑ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ከሚያስከትለው ነገር ጋር ይንገሩ። ለሥራ ባልደረባ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ትናንት ያቀረብሽው ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ በየመሐሉ ‹ገባችሁ?› ስትይ እንዳልገባቸው የጠረጠርሽ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ ያለው አለ?› ብትያቸው ይሻላል።»

የምትወስደው እርምጃ አብሮ ተነግሯታልና ነገሩ ወቀሳ አይሆንም።

በዕድሜ ለሚበልጥዎ ሰው አያንሱት፤ የራስዎን ምላሽ ይቀይሩ። ደጋግሞ «ገባህ?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እየተሰማ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለም። ከመጠየቁ በፊት፣ እያንዳንዱ ሐሳብ ሲያልቅ «እሺ» ወይም «ገባኝ» ይበሉ። ስልክዎን ገልብጠው ያስቀምጡ። አንድ ጥያቄም ይጠይቁ፦ «እና ከዚያ ምን አሉዎት?» ተናጋሪው መልሱን ሳይጠይቅ ሲያገኘው «ገባህ?»ው ይቀንሳል። ካልቀነሰ ደግሞ ይተዉት።